የሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ

ዳቦ ቤቱ ውስጥ «ሦስት ዘፈን» እያሉ ነው የሚጠሩት። የራሱን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፈው በአንድ ምድጃ ፊት ቆሞ ነው። ቁመቱ አጠር፣ ክንዱ ወፈር ያለ ሰው ነው። የግራ ቅንድቡ አንድ ቀን በእሳት ተለብልቦ ከጠፋ ወዲህ በቅጡ አልበቀለም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ሲቆም እንኳ አንድ ነገር የተጠራጠረ ይመስላል።

ቅጽል ስሙ የወጣለት ከስልኩ ነው። ስልኩ ዘፈን ለመስማት ተብሎ የተሠራ ነው። አዲስ በወጣበት ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ኪሱ ውስጥ እንዲኖር የሚመኘው ዓይነት ነበር፤ አሁን የሚያውቀው የለም። ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከር አለው። ከጎኑ ደግሞ ሦስት ጎላ ጎላ ያሉ ቁልፎች አሉት፤ አንዱ ዘፈኑን ያስጀምራል፣ ያቆማል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ወደፊትና ወደኋላ ይወስዳሉ። ዓይን ሳያይ ጣት ያገኛቸዋል። ዱቄት እንዳይገባበት በስስ ላስቲክ ጠቅልሎ ባዶ የእርሾ ቆርቆሮ ውስጥ ያቆመዋል። ቆርቆሮው ድምፁን እጥፍ ያደርገዋል። ስልክ አይደወልበትም፤ ለመደወያ ሌላ ትንሽ ስልክ አለው።

በዚህ ስልክ ላይ ያሉት ሦስት ዘፈኖች ብቻ ናቸው። ጠዋትም ከሰዓትም በኋላም እነሱው ናቸው። መስኮቱ ላይ ዳቦ የሚሸጡት ሴቶች አዲስ ሲቀጠሩ በመጀመሪያው ሳምንት አብረው ያንጎራጉራሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ በሦስተኛው ወር አይሰሙትም። አዲስ ዘፈን ልጫንልህ ያለው ሰው ብዙ ነው። ለሁሉም «እነዚህን መች ጠገብኳቸው» ይላል። ሰውም ዘፈን ወዳድ መሆኑን አምኖ ተቀምጧል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ዘፈን አይወድም፤ አይጠላምም። የሆነው ነገር ማሽተት አለመቻሉ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ነው። አንድ ከባድ ጉንፋን ይዞት ሳምንት ተኛ። ሲነሳ ሳሉ ለቀቀው፣ ራስ ምታቱ ለቀቀው፣ ሽታ ግን አልተመለሰለትም። ሳሙና አሸተተ፤ ምንም የለም። ነጭ ሽንኩርት በጥፍሩ ሰንጥቆ አፍንጫው ሥር አደረገ፤ ዓይኑ አለቀሰ፣ አፍንጫው ዝም አለ። ለሚስቱ ብቻ ነገራትና «ይመለሳል» ተባባሉ። አልተመለሰም።

ለሌላ ሰው ይህ ብዙ ላይሆን ይችላል። ለምድጃ ሰው ግን አፍንጫ ማለት ዓይን ማለት ነው። የእነሱ ምድጃ በጋዝ የሚነድ አሮጌ ምድጃ ነው፤ በሩ ድፍን ብረት ነው፣ መስታወት የለውም። ዳቦው ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረው በበሩ ስንጥቅ የሚወጣው ሽታ ነው፦ መጀመሪያ ጥሬ ሊጥ፣ ቀጥሎ እርጥብ ዱቄት፣ ከዚያ ጣፈጥ ያለው የቅርፊት ሽታ። ይህኛው ሲመጣ ይወጣል። በሩን ቶሎ ቶሎ ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ ሙቀቱ ይሸሻል፣ ሊጡ ተኮማትሮ ይቀራል። በዚያው ወር ሁለት ጊዜ አቃጠለ። የዚያን ጊዜው ባለቤት፣ አሁን በሕይወት የሌሉት ሽማግሌ፣ «ደክሞሃል መሰለኝ» ብለው አለፉት። ሦስተኛውን እንደማያልፉት ያውቅ ነበር።

ስልኩን የገዛው ያን ሰሞን ነው። የገዛውም እውነት ለመናገር ዘፈን ለመስማት ነበር፤ የማያሸት ሰው ቀኑ ይረዝምበታል። ሦስት ዘፈን ብቻ ያስጫነው ሻጩ «ለሙከራ» ብሎ የጫነለት እነሱን ስለነበረ ነው። በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ልብ አለ። የዳቦውን ትሪዎች አስገብቶ በሩን ሲዘጋ ያስጀመረው ዘፈን አልቆ፣ ሁለተኛው አልቆ፣ ሦስተኛው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ዳቦው ደረሰ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀንም።

ሰዓት ለምን አላየም? የግድግዳ ሰዓት ዳቦ ቤት ውስጥ ስድስት ወር አይኖርም፤ ዱቄት ይገድለዋል። የሚጮህ ሰዓትስ? ማቡኪያው ማሽን እየተንጓጓ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም የሚል ሰዓት ማን ይሰማዋል? ዘፈን ግን ሁልጊዜ የት እንዳለህ ይነግርሃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሃያ ዓመት ያለፈው ጋጋሪ ሰዓት እያየ ሲጋግር የሚያይ ሰው ይጠይቃል። ዘፈን ሲሰማ የሚያይ ግን አይጠይቅም።

እንዲህ ሆኖ ዘፈኖቹ አፍንጫው ሆኑ። የመጀመሪያው ቀስ ያለ የሴት ዘፈን ነው፤ በሱ ላይ የሚቀጥሉትን ትሪዎች ይቀባል። ሁለተኛው አኮርዲዮን ያለበት ነው፤ አዝማቹ ሲመጣ በሩን አንዴ ከፍቶ ትሪዎቹን ያዞራል፣ የምድጃው ጀርባ ይበልጥ ይግላልና። ሦስተኛው አንድ ሰው ለወደዳት ሴት ደብዳቤ ጽፎ ቀን የሚቆጥርበት ነው። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጎረቤት ይስቅበታል፣ በመጨረሻ «ፖስተኛው መጣ» ይላል። ጋጋሪው ልክ በዚህ ቃል ላይ በጎን ቁልፉ ዘፈኑን ያቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ ጫፉ በተቆለመመ ረጅም ብረት ትሪዎቹን ይስባል። ቀጣዩ ዙር ሲገባ እንደገና ከመጀመሪያው ዘፈን ይጀምራል።

ስለዚህ ሴትዮዋ ምን ብላ እንደመለሰች ዳቦ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ጋጋሪው ራሱም አያውቅም። ስልኩ ቆርቆሮው ውስጥ ውሎ ቆርቆሮው ውስጥ ያድራል፤ ቤቱ ወስዶ የሥራውን ድምፅ መስማት አይፈልግም።

ይህ ነገር የሚያንገበግባት ሊጥ አቡኪዋን ነው። አቡኪዋ ከሱ በሁለት ዓመት የምታንስ፣ ረጅም፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ከማሽኑ አጠገብ ሆና በቀን ሁለት ሦስቴ ትጮህበታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አስጨርሰው!»

«ዳቦው ይውጣ ወይስ ዘፈኑ ይለቅ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፖስተኛውን በር ላይ አቁመኸዋል። እግሩ አይዝልም?»

«ተቀመጥ በይው።»

ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ዳቦ ቤቱን የያዘችው ሴት ልጃቸው ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ተምራለች፤ ቃላት አታበዛም። በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣት ነበር። ዛሬም «ጋሼ» ነው የምትለው፤ እሱም «ልጄ» ይላታል። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ምድጃው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ አዲስ ምድጃ ልገዛ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ።»

«መልካም ነው፣ ልጄ። ይሄኛውም አርጅቷል።»

«ሻጮቹ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው አሠልጥነው አብረው እንደሚልኩ ነግረውኛል። ገና አልወሰንኩም። ሆስፒታሉ በየቀኑ ዳቦ ሊወስድ ይፈልጋል። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ናሙና እናስገባለን። እርስዎ ይጋግሩት፤ እኔ አጠገብዎ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ እወስናለሁ።»

ጋጋሪው ገባው። ነገሩ ስለ ሆስፒታሉ ብቻ አልነበረም። ሐሙስ ቀን ዳቦው ካማረ አዲሱም ምድጃ የሱ ነው፤ ካላማረ ግን ሰው ይመጣል፣ እሱም ከመስኮቱ ኋላ ቁጭ ብሎ ዳቦ ወደ ከረጢት ይከታል። በሃምሳ አራት ዓመት ሌላ ምድጃ ቤት የሚቀጥረው የለም፤ ቢቀጥረውስ በየትኛው አፍንጫው?

ስልኩ የሞተው ማክሰኞ ነው። የሞተውም በማያሳዝን መንገድ ነው፦ አቡኪዋ የሊጡን ገበታ ስትወለውል በክርኗ ቆርቆሮውን ገፋችው፤ ቆርቆሮው ከነስልኩ ውሃ ባልዲ ውስጥ ገባ። ላስቲኩ ዱቄት ይከላከል እንጂ ውሃ አልከለከለም። ዘፈኑ ውሃው ውስጥ ሆኖ ለሁለት ሰከንድ ያህል ጉርምርም ብሎ ዝም አለ።

«ወይኔ!» አለች አቡኪዋ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ። «ሦስት ሰው ገደልኩ!»

መሳቅ አልቻለም። አቡኪዋም ፊቱን አይታ ቀልዷን ተወችና ስልኩን ከባልዲው አወጣችው።

ስልክ ጠጋኙ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አጉሊ መነጽር አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ስልኩን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኔ ጋ ሳይሆን ሙዚየም ነበር መሄድ ያለበት።»

«ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ይሠራል ይሆናል። ግን ለምን? አዲስ ይግዙ፤ ሺህ ዘፈን ይይዛል፣ ፊልም ያሳያል፣ መንገድ ያሳያል…»

«መንገዱን አውቀዋለሁ። በዱቄት እጅ ይነካል?»

ጠጋኙ ሳቀ። «እሱስ አይነካም። ልክ ነዎት፤ እንደዚህ አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቅ ስልክ አሁን አይሠሩም። ሁሉንም የሚያውቅ ነው የሚሠሩት።» ክዳኑን ከፈተ፤ ከውስጡ ውሃና ዱቄት ተቦክተው ወጡ። «ይኸው፣ እርሾ ብቻ ነው የጎደለው።»

ረቡዕን ዘፈኖቹን በከንፈሩ እያንጎራጎረ እንደምንም ጋግሮ፣ ማታ ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ተጠግኖ ጠበቀው። ጠጋኙ ደስ ብሎታል። «ሚሞሪው ግን ተበላሽቷል። ዘፈኖቹ ጠፉ። አይጨነቁ፤ የነገሩኝን ሦስቱንም ከራሴ ኮምፒውተር ጭኜልዎታለሁ። እንዲያውም ጥራታቸው ከበፊቱ ይበልጣል።»

ጋጋሪው እዚያው ቆሞ ሞከራቸው። የመጀመሪያውን አስጀመረ፤ ሴትዮዋ ናት። ቁልፉን ጫነ፤ አኮርዲዮኑ መጣ። እንደገና ጫነ፤ ደብዳቤ ጸሐፊው መጣ። የሁሉንም አጀማመር ሰማ፣ ልቡ ተመለሰ፣ ጠጋኙን መርቆ ሄደ። እስከ መጨረሻቸው አልሰማቸውም። ዘፈን የሚወድ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሰማቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ለናሙናው ሲባል ምድጃው ተጠረገ እንጂ ዳቦ አልገባበትም። ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ የናሙናው ትሪዎች ገቡ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ የሽማግሌው ልጅ፣ ነጭ ሽርጥ አድርጋ ከቀኙ ቆመች። አቡኪዋ በጓሮ በኩል የመጣ ዱቄት ልትረከብ ወጥታለች። ጋጋሪው በሩን ዘጋ፣ እጁን ወደ ቆርቆሮው ሰዶ ቁልፉን ጫነ። የመጀመሪያው ዘፈን በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ጀመረ፤ አዝማቹ መጣ፤ በሩን ከፍቶ ትሪዎቹን አዞረ። ዳቦዎቹ ነጣ ያሉ፣ እኩል የተነፉ ነበሩ። ባለቤቷ ራሷን ነቀነቀች። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ አኮርዲዮኑ ማለቅ በነበረበት ቦታ አላለቀም።

ጠጋኙ የጫነው ያንኑ ዘፈን ነበር፤ ዘፋኙም ያው ነው፤ ግን መድረክ ላይ የተቀዳው ነው። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ብቻውን ቀረና እንደልቡ መጫወት ጀመረ። ሕዝብ አጨበጨበ። አንድ ሰው አፏጨ። ዘፋኙ «አንድ ጊዜ እንደገና!» አለ።

ጋጋሪው ቆርቆሮውን አየ። አንድ ነገር እንደተሳሳተ ወዲያው ያውቃል፤ ምን ያህል እንደተሳሳተ ግን አያውቅም። አሁን ከፍቼ ልይ? ገና ከሆነ ሊጡ ይተኛል፤ ልጅቷም ለምን እንደከፈተ ትጠይቃለች። እጁ ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት የለመደው አንድ ቃል ሲሰማ መንቀሳቀስ ነው፤ ያ ቃል አልመጣም። የሚያጨበጭበው ሕዝብ እስኪበቃው ጠበቀ። ሦስተኛው ዘፈን ጀመረ፤ ሰውዬው ደብዳቤውን ሊጽፍ ተቀመጠ። በጎን ዓይኑ ባለቤቷን አያት። ፊቷ ትንሽ ተኮሳትሮ ነበር፤ ግን ምንም አላለችም። መስኮቱ ላይ ያሉት ሁለቱ ሻጮችም ዞር ብለው ምድጃውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ተመልሰው ዞሩ። ጋጋሪው እዚያ ቆሞ የለ? እንግዲህ ያውቃል።

የጓሮው በር ተበርግዶ አቡኪዋ ገባች።

«ምን እየጠበቅክ ነው? ዳቦው!»

በሩን ሲከፍተው ጭሱ ፊቱን መታው። ሽታውን አላወቀውም፤ ጭሱን ግን አየ። ትሪዎቹን ሳባቸው። ከላይ እንደ አሮጌ ጫማ ጠቁረዋል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሰውዬ አሁንም ቀን ይቆጥራል። ጋጋሪው ቁልፉን ጫነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ባለቤቷ ናት። ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ሸቶኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ሲያር። ከሁለት ደቂቃ በላይ ሸቶኝ ነበር። እርስዎ ቆመው ሳይ፣ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

አቡኪዋ መሃል ገባች። ዓይኗን ሳታሽ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ስኳሩን አብዝቼዋለሁ። ስኳር የበዛበት ሊጥ ቶሎ ይጠቁራል፤ እሱ ምን ያድርግ?»

ጋጋሪው ረጅሙን ብረት ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆመው። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልፍ ነበር፤ አቡኪዋ ትሰደባለች፣ እሱ ቦታው ላይ ይቆያል። የተናገረው ባለቤቷን ሳይሆን ትሪውን እያየ ነው።

«ስኳር አልበዛም። እኔ አላሸትም።»

«እንዴት?»

«ምንም። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምጋግረው በዘፈኑ ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ ተለውጧል።» ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ጉንፋኑን፣ ሁለቱን ቃጠሎ፣ «ፖስተኛው መጣ» የሚለውን። ረጅም አልወሰደበትም። ዘጠኝ ዓመት የተሸከመው ነገር በሁለት ደቂቃ ማለቁ ራሱን ሳይገርመው አልቀረም።

«አባቴ ያውቁ ነበር?»

«አያውቁም። ቢያውቁ በክብር ወደ ቤቴ ይሸኙኝ ነበር።»

«እኔስ ምን አደርጋለሁ ብለው አሰቡ?»

«ያንኑ ነው የፈራሁት። ክብሩን።»

ልጅቷ ምድጃውን ዞር ብላ አየችው፤ ከኋላው የሚገባውን የጋዝ ቧንቧ ተከትላ እስከ ግድግዳው ድረስ። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ዳቦውስ ይሁን። ዳቦ ቢቃጠል ሌላ ይጋገራል። ጋዙስ? በየጠዋቱ ጋዝ ይከፍታሉ። አንድ ቀን ቢያፈተልክ በምን ያውቁታል? እዚህ ስድስት ሰው ይሠራል።»

ጋጋሪው ይህን ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ ወይም ጠይቆ ቶሎ ብሎ ረስቶታል። ሄዶ ዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

«ጋዙን የምከፍተው እኔ ነኝ» አለች አቡኪዋ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከሱ ቀድሜ እመጣለሁ፣ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር አሸታለሁ፣ እከፍታለሁ። ማታም የምዘጋው እኔ ነኝ።»

እውነት ነበር። ጋጋሪው በየጠዋቱ ሲገባ ጋዙ ተከፍቶ ያገኘዋል፤ ትጋቷ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። አንድ ሁለቴም «የኔን ሥራ ለምን ትነኪያለሽ» ብሎ ተቆጥቷት ያውቃል። እሷ ያን ጊዜ «ፈጥነህ ና ታዲያ!» ብላ ስቃበታለች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ሽርጥህ ጫፉ ምድጃው ላይ ሲነድ፣ አንተ አዝማቹን ትጠብቅ ነበር። ውሃ የደፋሁብህ ቀን ትዝ ይልሃል? ቀልድ መስሎህ ሰደብከኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ነግረኸኝ ነበር እንዴ?»

ባለቤቷ ሰዓቷን አየች።

«ለአሥር ሰዓት ጊዜ አለን። ሊጥ ተርፏል?»

«ሁለት ትሪ» አለች አቡኪዋ።

«እንግዲያው ይጋግሩ፣ ጋሼ። ያለ ዘፈን። እትዬ፣ እርስዎ ግን አንድ ቃል እንዳይናገሩ።»

«እኔ?» አለች አቡኪዋ። «እኔን ዝም ከማሰኘት ከዚህ ምድጃ ዘፈን መንጠቅ ይቀላል።» ከንፈሯን ግን በሁለት ጣቷ ያዘች።

ትሪዎቹ ገቡ። ጋጋሪው ዘጠኝ ዓመት ባልሰማው ጸጥታ ውስጥ ቆመ። ዳቦ ቤቱ ለካ ብዙ ድምፅ አለው፦ የእሳቱ ትንፋሽ፣ የብረቱ መንጣጣት፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፍ የጋሪ ጎማ። በልቡ ምንም ለመቁጠር አልሞከረም። ሲመስለው በሩን በእጅ መዳፍ ልክ ከፈተ፣ አንድ ዳቦ በጨርቅ ያዘ፣ ገልብጦ ሆዱን በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ ጆሮው ላይ አስጠጋው። እርጥብ ዳቦ ሲመታ ደንቆሮ ነው፤ የደረሰ ዳቦ እንደ ባዶ ሳጥን ይመልሳል። ይህን የተማረው ገና በሥራው መጀመሪያ ነው፤ ሽታው ሲበቃው ትቶት ነበር። ዳቦውን መለሰ፣ በሩን ዘጋ።

ጠበቀ። አቡኪዋ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ተዛወረች። አላያትም። እንደገና ከፈተ፣ መታ፣ አዳመጠ፣ ዘጋ። አቡኪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስተኛ ሲከፍት ዳቦው ጥርት ብሎ መለሰለት።

«ይውጣ» አለ፣ ብረቱንም ሳበ።

አቡኪዋ በአንድ ጊዜ ተነፈሰች። ባለቤቷ አንዱን ቆርሳ ውስጡን አየች፣ በጣቷ ጫን ብላ ለቀቀችው፤ ተመልሶ ተነሳ። ቀለሙ ከወትሮው ትንሽ ነጣ ብሏል፤ በሩ ሦስቴ ተከፍቷልና። ዳቦዎቹን ራሷ ቅርጫት ውስጥ ደርድራ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችና ወጣች።

ሆስፒታሉ ዳቦውን ተቀበለ። ልጅቷ ግን አራት ቀን ሙሉ አዲሱን ምድጃ ማን እንደሚይዝ ቃል አልተነፈሰችም፤ ጋጋሪውም በጣት አንጓው እየመታ ጋገረ፤ በሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈት ብዙ ጋዝ ነደደ፣ ክንዱ ላይ ሦስት አዲስ ቃጠሎ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ምድጃው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ከምድጃው ጋር ይመጣል የተባለው ሰው አያስፈልገንም ብያቸዋለሁ። ደቂቃ መቁጠሩን ምድጃው ራሱ ይችላል። ዱቄቱ እርጥበት ሲኖረው፣ ሊጡ ሲሰንፍ ምን እንደሚደረግ ግን አይችልም።» ወደ አቡኪዋ ዞረች። «አሮጌው እስኪነቀል ጋዙ በእርስዎ እጅ ነው፤ ከእንግዲህ በድብቅ ሳይሆን እኔ ስላዘዝኩ።»

«ሰባት ዓመት በነፃ ሠራሁት ማለት ነው?» አለች አቡኪዋ።

አዲሱ ምድጃ በወሩ መጨረሻ መጣ። በሩ መስታወት ነው፣ ውስጡ መብራት አለው፤ ትሪዎቹ በራሳቸው ይዞራሉ፤ ጊዜው ሲደርስ እንደ በር ደወል ይጮኻል። አሮጌው በአራት ሰው ተገፍቶ ወጣ። የቆመበት ወለል ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ቀረ፤ ከፊቱም በሠላሳ አንድ ዓመት ጫማ የተቦረቦረ ትንሽ ጎድጓዳ።

የመጀመሪያውን ዙር ሲያስገባ እጁ በልማድ ወደ ቆርቆሮው ሄዶ ቁልፉን ጫነ። ከዚያ የሚሠራው አጣ። ትሪ የሚያዞር የለ፣ በር የሚከፍት የለ። ሴትዮዋ ዘፈነች፤ ድምፅዋ ጎርነን ያለ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አለ። አኮርዲዮኑ መጣ፤ መድረኩ ላይ ያለው ሕዝብ ሲያጨበጭብ አቡኪዋም በሊጥ እጇ አብራ አጨበጨበች። ደብዳቤ ጸሐፊው ጻፈ፣ ጠበቀ፣ ተሳቀበት። «ፖስተኛው መጣ» አለ።

ጋጋሪው ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። አነሳው።

አቡኪዋ ማሽኑን አጠፋች። ሻጮቹ ከመስኮቱ ዞሩ። ፖስተኛው ቦርሳውን ከፈተ፣ ፖስታውን ሰጠ፣ ሰውዬው ቀደደው። ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ጊታር ብቻ፣ እየራቀ።

«በቃ?» አለች አቡኪዋ።

«በቃ።»

«ዘጠኝ ዓመት ለዚህ? ይሄማ አይሆንም ማለቷ ነው።»

«እንዴት አይሆንም? አነበብኩት አለችው እኮ።»

«ብትፈልገው እወድሃለሁ አትለውም ነበር?»

«ሁሉ ሰው እንዳንቺ አፍ አለው? አንብባ ዝም የምትልም አለች።»

አቡኪዋ ጎንበስ ብላ ከገበታው ላይ ሊጥ መፋቅ ጀመረች።

«መልሰውና እንስማው» አለች ከቆይታ በኋላ።

መለሰው። አዲሱ ምድጃ ከአሮጌው ዘግየት ይላል፤ ደወሉ የጮኸው ፖስተኛው ቦርሳውን ዳግመኛ ሲከፍት ነው። ጋጋሪው ሰማው፤ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ጊታሩ እስኪያልቅ ድረስ ቆየ፤ ከዚያ በሩን ከፈተ። ያ ዙር ከሌሎቹ ጠቆር ብሎ ወጣ። ባለቤቷ ትሪውን አየች፣ እሱን አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ ዳቦውን ወደ መስኮቱ ወሰደችው።